ላይ ዝናብ፣ ታች ፀሐይ

ሰኔ 3
ጠዋት ሁለት የስልክ ስክሪን ቀየርኩ። አንድ ሬዲዮ ጠገንኩ። ከሰዓት ከዛኪር ጋር ከአዳማ ወደ ዶኒ ወረድን። ዛኪር የሱቅ ሸሪኬ ነው፤ እኔ እበይዳለሁ፣ እሱ ያወራል።

ከሽንኩርት አምራቾቹ ማኅበር ጋር የመጨረሻ ንግግር ነበር። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ዘርፉ ቀልድ አያውቁም። አምና አዋሽ ሳይታሰብ ሞልቶ ሦስት ፓምፕ ወስዶባቸዋል። አሁን የቀሯቸው አምስት ናቸው... የአርባ ቤተሰብ እንጀራ።

«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው ያላችሁት ሳጥን ሰባት ቀን አንዴም ሳይስት ከሠራ እንቀበላለን። ከሳተ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እኛም ፓምፖቹን ነቅለን ክረምቱን ከወንዙ እንርቃለን።»

ፓምፑ ከተነቀለ ደግሞ ችግኙ ይደርቃል። ቆላ ነው፣ የክረምቱ ዝናብ አይታመንም።

«እሺ» አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው? ሰባት ቀን! ግን ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 5
ተተከለ! ላኪው ሳጥን ሃያ ኪሎሜትር ሽቅብ፣ ድልድዩ ላይ። የወንዙን ከፍታ ይለካል። ተቀባዩ ዶኒ፣ ፓምፖቹ አጠገብ፣ ከሳይረን ጋር። ድልድዩ ጋ የስልክ ኔትወርክ ስለሌለ በራሳችን ሬዲዮ ነው የሚነጋገሩት። ባትሪ እንዲቆጥቡ ሁለቱም ይተኛሉ። በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ሰከንድ ነቅተው ይገናኛሉ፤ ውሃው ባይሞላ እንኳ ላኪው «አለሁ» ይላል። ካልተሰማ የተቀባዩ መብራት ቀይ ይሆናል። ያኔ ስተናል ማለት ነው።

የፓምፕ ጠባቂው ኦቦ ቀነዓ ሳጥኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት።
«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ይበላል?»
«ፀሐይ» አልኳቸው፣ ሶላሯን እያሳየሁ።
«ታዲያ እዚህ አገርማ ጠገበ በይኛ!»

ሰኔ 6
ዘጠና ስድስት ጊዜ «አለሁ»። ከዘጠና ስድስት!

ሰኔ 8
ጠፋ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ዝም። ወይዘሮ ዘርፉ ደወሉ፦ «ሊዲያ፣ ሳጥንሽ ምሳ ወጥቷል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አመሻሽ ላይ ራሱ ተመለሰ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ማን ነካው? ለምን ሄደ? ለምን መጣ?

ሰኔ 9
ዶኒ ደረስን። ሳጥኑ እርጥብ ጆንያ ለብሷል፣ መብራቱም እንደገና ቀይ ነው!

«ኦቦ ቀነዓ፣ ይሄ ምንድን ነው?»
«ትናንት ፀሐዩ ሲጠብሰው አሳዘነኝ። የመጠጥ ውሃ ጀሪካኔንም እንዲሁ ነው የማለብሰው። ይቀዘቅዛል።»

እጄን ሰደድኩ። እውነትም ቀዝቃዛ። ድልድዩ ላይ ያለው ግን በዚህ ሰዓት እጅ አያስነካም...

ገባኝ! ገባኝ፣ ገባኝ፣ ገባኝ! በየሳጥኑ ውስጥ ሞገዱን የምትወስን ክሪስታል አለች። ስትሞቅ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሁለቱ እኩል ሲግሉ እኩል ፈቀቅ ይላሉ፣ ይሰማማሉ። አንዱ ብቻ ሲቀዘቅዝ ይተላለፋሉ። አመሻሽ ላይ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይገናኛሉ። ሱቅ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ስለሞከርናቸው አላየነውም። እኔ ሞኝ!

ዛኪር ጨፈረ። «በቃ ጆንያውን አንሺ! ጥፋቱ የኛ አይደለማ። ለዘርፉ እንደዛ እንንገራቸው፣ ፈታ በይ!»

ኦቦ ቀነዓ አንገታቸውን ደፉ። አላስቻለኝም፣ ዞር አልኩ። ጆንያውን አነሳሁት። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ።

ሰኔ 10
ጥርሴን እየቦረሽኩ ብልጭ አለልኝ። ጎርፍ መቼ ነው የሚመጣው? ላይ ሲዘንብ! ላይ ሲዘንብ ድልድዩ ይቀዘቅዛል። ዶኒ ደግሞ ፀሐይ። አንዱ ሳጥን የቀዘቀዘ፣ አንዱ የጋለ... ጌታ ሆይ! ይሄ ሳጥን የሚደነቁረው ልክ በጎርፉ ቀን ነው!

ኦቦ ቀነዓ ባያለብሱት ኖሮ ሰባቱን ቀን በሰላም ጨርሰን፣ ተጨባብጠን፣ ሰዎቹን ለጎርፍ ትተን እንመጣ ነበር።

ለዛኪር ነገርኩት። ሳምቡሳው አፉ ውስጥ ቀረ።
«እና... ልንነግራቸው ነው?»
«አዎ።»
«ያባርሩናል።»
«ያባርሩን!»

ሰኔ 11
ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጥፋቱ የጆንያው ሳይሆን የኔ መሆኑን። ወይዘሮ ዘርፉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጆንያው ነው ብትዪኝ እኮ አምንሽ ነበር።»
«አውቃለሁ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሌላ ሰባት ቀን ውሰጂ። አስተካክለሽ ነይ። ቀነዓን ግን ተዪው። እንደፈለገ ያልብሰው፣ እንደፈለገ ይግፈፈው። እሱ ይፈትንልኝ።»

እሰይ! እሰይ! ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰኔ 17
ተሠራ መሰለኝ! አሁን ላኪው ከመልእክቱ በፊት ረዘም ያለች ምልክት ይልካል። ተቀባዩ ግራ ቀኝ ፈልጎ ያገኛታል፤ ከዚያ ራሱን እሷ ላይ ያስተካክላል። ኳየር ውስጥ ድምፅ ከመሪዋ እንደምንቀበለው። ሰዓቱንም ከዚያው ይወስዳል፣ አንዱ ሲነቃ ሌላው እንዳይተኛ።

አንዱን ሳጥን የዛኪር ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከተትን፣ ሌላውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሰቀልን። ተሰማሙ! የዛኪር እናት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፦ «ወተቴን አውጥታችሁ ሬዲዮ ታቀዘቅዛላችሁ?»

ሰኔ 25
ሰባት ቀን። መልሰን ከተከልነው ጀምሮ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ጊዜ «አለሁ»። አንድም አልሳተም!!! ኦቦ ቀነዓ ያለብሱታል፣ ይገፍፉታል፣ አንዴማ ጥላ ይዘውለት ቆመዋል አሉ። ወይዘሮ ዘርፉ ፈረሙ። እኔ ጮህኩ። እሳቸው አልሳቁም፣ ግን ከንፈራቸው ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አይቻለሁ።

ሐምሌ 29
እንዳይረሳኝ ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦቦ ቀነዓ ደወሉ። ከጀርባቸው ሳይረኑ ይጮሃል። ሮጬ ዛኪርን ጠራሁት፣ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው። ዶኒ ላይ ደመና የሚባል የለም፣ ፀሐዩ ይፋጃል አሉ። ገበሬዎቹ ወጥተው ሽቅብ ያያሉ። አንዱ «ተበላሽቷል ባክህ!» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ የወይዘሮ ዘርፉ ድምፅ፦ «ሰማዩን ማን ጠየቀህ? ሳጥኑ ጮኋል! ፓምፖቹን ጎትቱ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሱቁን ዘግተን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰዓት... ምንም። ዘጠኝ ተኩል... ምንም። ቢሳሳትስ? ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አድክሜስ ቢሆን? ዛኪር እንኳ አላወራም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ዘርፉ። ሃሎ እንኳ አላሉም። ስልኩን ወደ ወንዙ ዘረጉት መሰለኝ... ያ ድምፅ! ድንጋይ የሚያንከባልል፣ ዛፍ የሚሰብር ውሃ። ዛኪር ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ሰማሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ፓምፖቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ነው የሚጮኸው።»
«ፓምፖቹስ?»
«አምስቱም አጠገቤ ናቸው፣ ልጄ።»