ስክሪኑን ሳያነቡ ግቢያችንን ላስቆፈሩ ኃላፊ

ለተከበሩ የመረጃ መረብ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሞቀ፣ መስኮትዎም ከምንዝ ነፋስ የተከለለ ይሆን ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ መርስዔ ኃዘን ዓምደሚካኤል፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ከተማ የአንድ ችሎት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ ላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ለይቼዋለሁ፤ ከአንድ መስመር በላይ ማንበብ እንደሚከብድዎ ስለምናውቅ ሲደክምዎ እያረፉ ይቀጥሉ።

፩. ባለፈው መጋቢት ራስዎ እዚህ ድረስ መጥተው፣ ሪባን ቆርጠው ስላስረከቡን አዲስ ሮውተር አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሮውተር ችሎቱን በረጅሙ መስመር ከዋናው ማዕከል ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው፤ የይግባኝ ዳኞች በፕላዝማ የሚታዩን በእርሱ በኩል ነው። አሮጌው ስድስት ዓመት ሲያገለግል አላስቀየመንም። አዲሱ ገና ጭብጨባው ሳያበቃ መስመሩን ዘጋው፤ እርስዎም ምሳ ቀርቦ ነበርና ሳያዩት ሄዱ።

፪. የኔትወርክ ባለሙያችን ወይዘሪት አርሴማ በዚያው ከሰዓት ትዕዛዝ ጽፋ መሣሪያውን ስለ ራሱ ጠየቀችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው መስመር፣ እርሷ እንዳስረዳችኝ፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ፕሮቶኮሉ፣ ማለት ሁለቱ ጫፎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ግን ወድቋል ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ መሣሪያው የሚሠራበት ፕሮቶኮል በስሙ ተጽፏል፦ ኤችዲኤልሲ። ወዲያው ማዕከሉ ላለው ባለሙያ ለአቶ ይሥሐቅ ደወለች።

«አንተ ጋ ያለው ምን ይላል?»

«ፒፒፒ ነው የሚለው።»

«በቃ፣ አገኘሁት» አለች። ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ፕሮቶኮል ካልያዙ አይግባቡምና የእኛን ወደ ፒፒፒ መለወጥ ብቻ ነበር የቀረው፤ የአንድ ትዕዛዝ ሥራ። የመለወጫውን የይለፍ ቃል ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ደወለችልዎ። «አንቺ ልጅ፣ ገመድ ተበጥሶ ነው! እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ዘጉባት። በሳምንቱ ደግሞ «ከሥራ ድርሻ በላይ አስተያየት በመስጠት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ወረቀቱን በፋይሏ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እጄ እስከ ዛሬ ያፍራል።

፫. መሣሪያው ገመዱ ደህና ነው እያለ፣ እርስዎ ግን አሥራ አንድ ሰው ከነአካፋና ዶማው ልከው ከችሎቱ በር እስከ ኔትወርክ ማማው ድረስ ስላስቆፈሩልን እናመሰግናለን። ገመዱ እንደተቀበረ ሳይነካ ተገኘ። የውኃው ቧንቧ ግን ተበጠሰና ከተማዋ ዘጠኝ ቀን ከምንጭ ቀዳች። በሪፖርትዎ ላይ «ብልሽቱ በከፊል ተወግዷል» የሚል አንብበን፣ የተወገደው ውኃችን መሆኑን ተረዳን።

፬. ይህኛውን እንደሌላው በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ናቸው። የባላቸው የወንድም ልጅ መሬታቸውን በስሙ አስመዝግቦባቸው ይግባኝ ብለው ነበር፤ ሰውየው መሬቱን እንዳይነካ የተሰጠው እግድም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ብቻ የሚቆይ ነበር። በሚያዝያ ከግሼ በእግርም በመኪናም መጡ፤ ፕላዝማው ጥቁር ነው። በግንቦት መጡ፤ ጥቁር ነው። እግዱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው፣ በርኖሳቸውን ተከናንበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና «ልጄ፣ ዳኞቹ ዛሬም አልነቁም?» አሉኝ። አርሴማ ተነሥታ ወጣች፤ ከውጭ ስታለቅስ ሰማኋት። እግዱ አበቃ። በሳምንቱ ሰውየው መሬቱን አርሶ ገብሱን ዘራ።

፭. ሐምሌ ላይ ግን የአዲሱን መሣሪያ ስኬት ከእኛው ችሎት ሆነው ለአለቆችዎ በፕላዝማ እንዲያቀርቡ ተጠሩ። በጠዋት መጥተው ጥቁሩን ስክሪን ሲያዩ ላብዎ በምንዝ ብርድ ወረደ። ገመዱን ነቅለው ሰኩ፣ መሣሪያውን አጠፉ አበሩ፤ በመጨረሻም ወደ አርሴማ ሳያዩ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጻፉላት። ትዕዛዟን አስገባች፤ ደቂቃ ሳይሞላ አለቆችዎ በስክሪኑ ብቅ አሉ። እርስዎም አንገትዎን ቀና አድርገው «በመምሪያችን የተቀናጀ ርብርብ» ብለው ጀመሩ። አርሴማ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታልዎ ወጣች።

በማግስቱ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጉዳይ ተሰማ። ዳኞቹ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም፤ መሬቱ የእርሳቸው ነው አሉ። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለስክሪኑ እጅ ነሡ። የበቀለው ገብስ ግን የሰውየው ዘር ነው፤ ስለ አዝመራው ሌላ ክርክር ተከፍቶ ለጥቅምት ተቀጥሯል። ዘንድሮ ጎተራቸውን የሚሞላው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እርስዎ በሪፖርትዎ ካላስገቡት በቀር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ያንን ማስጠንቀቂያ ከልጅቱ ፋይል እንዳወጣ በፊርማዎ ይዘዙኝ። ቀሪውን በዓለምም በሰማይም የሚጠይቅዎ አይጠፋም።

ቁፋሮዎን ደፍኖ፣ ደብዳቤዎን ፋይል አድርጎ፣ ዕድሜዎን እግዚአብሔር እንደ ስብሰባዎ እንዲያረዝምልዎ እየጸለየ፣ በታላቅ ትሕትና ከወንበርዎ ሥር የሚሰግድልዎ፣

መርስዔ ኃዘን ዓምደሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከውሳኔው በኋላ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ «ለመሆኑ የተበላሸው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አርሴማ የእኛና የማዕከሉ መሣሪያ በመጋቢት ያሉትን አትማ ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። ጥቂት አዩና ጣታቸውን በትክክለኛዋ መስመር ላይ አሳርፈው «ይህችና ይህች አይመሳሰሉም» አሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። የእርስዎ ዲግሪ ስንት ነበር?