እናቴን የዳርኩ ለት

ውድ እናቴ፣

ታንጃቩር ከተማ በሰላም መግባታችሁን ባልሽ ታንጋቬል ደውሎ ነገረኝ። አንቺ ግን ስልኩን ስትቀበዪው ስለ ዶሮዎቹ ብቻ ጠይቀሽኝ ዘጋሽው። ማልቀስሽን እንዳልሰማ መሆኑ ገብቶኛል። እኔም በአፌ ልነግርሽ ያልቻልኩትን ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ቤተ መቅደሱ የሄድነው ለእኔ ባል ልንለምን ነበር። የአባቴ እህት ቫዲቩ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ "ዘንድሮ ካላገባሽ ከዚህ በኋላ የሚመጣልሽ ጥርስ የሌለው ነው" ስትለኝ፣ አንቺ ሳቅሽን በሳሪሽ ጫፍ ትሸፍኚ ነበር። ትዳር ፈላጊዎች ሁሉ የአበባ ጉንጉን ይዘን፣ ካህኑ ስማችንን እየጠራ እንዲጸልይልን አዳራሹ ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን። አንቺም ከጎኔ ልትቀመጪ ስትይ አክስቴ ክንድሽን ለቀም አደረገችው።

"ወዴት ወዴት? ባል የሞተባት ሴት እዚህ መሀል ምን ትሠራለች? የልጅሽን ዕድል ልትዘጊ ነው?"

ከምሰሶው ጀርባ ሄደሽ ቆምሽ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በሰው ሠርግ ሁሉ እንዲያ ነበር የምትቆሚው። አናጢው ታንጋቬል ሽማግሌ ሲልክብሽም "መጀመሪያ ልጄ ትዳር ትያዝ" ብለሽ መለስሻቸው። የብስክሌቱን ደወል በሰማሽ ቁጥር ግን ፀጉርሽን ስታስተካክዪ አይቼሻለሁ።

ተነስቼ መጣሁና ጉንጉኔን እጅሽ ላይ አስቀመጥኩት።

"እማ፣ ዛሬ ለራስሽ ለምኚ።"

"አበድሽ እንዴ!" ብላ ጮኸች አክስቴ። "የወንድሜን ስም ልታዋርዱት ነው?"

ካህኑ ሁላችንንም ተመለከተንና "የማንን ስም ልጥራ?" አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቀደምሽኝ።

"ሶርናም" አልሽ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ሁሉም ሰማው። "የምለምነው ለራሴ ነው። እትዬ ቫዲቩ፣ ወንድምሽን እስኪሞት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ስሙን እኔ አላዋርደውም።"

ካህኑ ስምሽን ጠራ። ከዳር የተቀመጠችው ሴትዮ ጠጋ አለችና "ነይ እህቴ፣ ቦታ አለ" አለችሽ። እማ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ታንጋቬልም ዳግመኛ ሽማግሌ ሲልክ እሺ አልሽ። የሠርግሽ ለት አክስቴ አኩርፋ መጣች፤ "ምግቡ ጨው በዝቶበታል" እያለች ሳህኗ ላይ ደግማ አስጨመረች። ካህኑ "ሙሽራዋን የሚሰጥ ማነው?" ሲል ወንድሞችሽ መሬት መሬት አዩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ልጅ እናቷን ስትድር አይቼ አላውቅም" ብሎ ፈገግ አለ።

"እንግዲህ ይልመዱታ!"

እጅሽን አንስቼ ታንጋቬል እጅ ላይ ሳኖረው የሁለታችሁም መዳፍ ላብ በላብ ነበር።

አሁን ጎረቤቱ ሁሉ "ያንቺስ መቼ ነው?" ይለኛል። "እናቴን ድሬ ገና እያረፍኩ ነው" እላቸዋለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ። አይዞሽ፣ ልቤ የወደደው ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ታንጋቬል ደግ ሰው ነው። ቢያስከፋሽ ግን አንድ ቃል በቂ ነው፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

የዳረችሽ ልጅሽ፣
ካያል