«አትናገርም» የተባለችው ወራጅ

ለተከበሩ የ«ንብ ቀፎ» መዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህር፣ ለጋሽ ሉልሰገድ
አፍንጮ በር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ስኳርዎ ሁሉ ሰላም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ግን ለጆሮዎ ጤና ዱዓ አደርጋለሁ።

እኔ ሙዓዝ እባላለሁ፤ ከፒያሳ አፍንጮ በር የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ከትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ የወረድኩ ስለሆንኩ፣ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ እንደ ልማድዎ ቶሎ ይፍረዱ።

ባለፈው ሰኞ እናቴ ኡሙሀኒ የአራት ዓመት እህቴን ፊርደውስን አዝላ ልታስመዘግብ ስትመጣ አብሬ ነበርኩ። ፊርዲ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ጡንቻን አልታዘዝ የሚያሰኝ የአንጎል ጉዳት አለባት፤ ቃሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ሞልቷል፣ አፏ ላይ ግን እንደ ማታው የፒያሳ ታክሲ ረጅም ሰልፍ ጠብቆ ነው የሚወጣው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ አልዋጥ ስላለኝ፣ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. «ስምሽ ማን ነው?» ብለው ስለጠየቋት እናመሰግናለን። «ፊ» ለማለት ከንፈሯን ገና ስትሰበስብ እርስዎ «አትናገርም» ብለው ጽፈው ጨርሰዋል። እኛ ታክሲ ላይ እንኳ ተሳፋሪው እስኪወርድ እንጠብቃለን።

፪. እናቴ ቤት ውስጥ ሙዝና ብርቱካን በሁለት እጇ ይዛ «የቱን ልስጥሽ?» ትልና አፏን ዘግታ ትጠብቃለች። እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ቶሎ ከሰጠኋት ቁንጥጫ ነው፤ «ቃሏን ከአፏ አትንጠቃት!» ትለኛለች። ፊርዲ ታግላ ታግላ «ሙ» ስትል፣ እናቴ «ሙዝ! ቢጫ ሙዝ!» ብላ ቃሉን ሞልታ ትመልስላትና ትልጥላታለች። እርስዎ ዘንድ ሙዝም ብርቱካንም ስላልነበረ አንፈርድብዎትም።

፫. ይኼኛው ያንገበግበኛል። ከፍ ያለው ወንበርዎ ላይ ተቀምጣ ሲደክማት፣ ፊርዲ ጥርት አድርጋ «ወራጅ!» አለች። ቃሉን የለቀመችው ከእኔ ታክሲ ነው፤ ከእቅፍ መውረድ ሲያምራት፣ ሰውም ሲሰለቻት ትለዋለች፣ እናቴም ሰምታ ታወርዳታለች። እርስዎ ግን «ይህን የወያላ አፍ ማን አስተማራት?» ብለው ተቆጡ። ጋሽዬ፣ «አትናገርም» ያሏትን ልጅ በንግግሯ የተቆጡ በአራዳ ምድር የመጀመሪያው ሰው ነዎትና እንኳን ደስ አለዎት!

፬. በርዎ ላይ «እያንዳንዱ ልጅ ይደመጣል» የሚል ተጽፏል። ቀለሙ ቆንጆ ነው።

ሰኞ ፊርዲ ሳትመዘገብ ተመለስን። እናቴ አሁንም ሙዝና ብርቱካን ትይዛለች፤ ስትጠይቅ ግን ድምጿ ይሰበራል። ልጇን አዝላ የምትደርስበት ሌላ ትምህርት ቤት በሰፈራችን የለም። ስለዚህ ሐሙስ ተመልሰን እንመጣለን። ስሟን ደግመው ይጠይቋት፤ ከዚያ በኋላ፣ በጌታ፣ ዝም ይበሉ።

ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ ከመመኘት የማይቦዝነው፣ ወንበር ይዞ የሚጠብቅዎ፣
የወያላ አፍ መምህሩ ሙዓዝ

ማሳሰቢያ፦ ፊርዲ ሰሞኑን አዲስ ቃል ይዛለች፤ «ቆይ» ነው። ሰው ቃሏን ሊጨርስባት ሲሽቀዳደም ትለዋለች። «ይቆዩ» የሚለው ማዕረግ ለከንፈሯ ገና ስለሚከብድ፣ ሐሙስ በ«አንተ» ብታዝዎት አይቀየሟት፤ ይልቅ ይታዘዟት።