በመብራት የተነቀሰ ድድ

ሰኞ
ዋሸኋት። የጥርስ ሐኪሟ «ታጨሳለህ?» ስትለኝ «ትቻለሁ» አልኳት፤ ፓኮው ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ሁለቱ የታች የፊት ጥርሶቼ እየተነቃነቁ ነው። ድዴን ጠራርጋ፣ ሥር ሥሩን ሰማያዊ ቀለም አፍስሳ፣ ቀጭን መብራት አበራችበት። ቀለሙ ብርሃን ሲያገኝ ጀርሙን ይገድላል አለች። «ይኼ ግን አጋዥ ነው፤ ዋናው ጽዳቱ ነው። የሚያጨስ ሰው ድድ ቶሎ አይድንም። ካልጠነከሩ እንነቅላቸዋለን።» ሚኒባሴን ይዤ ከወልድያ መርሳ እስክደርስ ሁለት አጨስኩ።

ማክሰኞ
ቀለሙ አልለቀቀም። መናኸሪያ ስስቅ ተራ አስከባሪው አየኝ። «ሾፌር፣ ድድህን ተነቀስክ? ማንን ልታገባ ነው?» ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። እሷ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። «እኔን በሾህ ሲወጉኝ ሦስት ሴቶች ይዘውኛል። አንተን በመብራት ነቀሱህ?» ባስረዳት ባስረዳት አልገባትም። ተውኩት።

ረቡዕ
ጠዋት አንድ ሲጋራ፣ ውርጌሳ ስደርስ አንድ፣ ስመለስ ሁለት።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ተነቀሰ ብላ አውርታለች። ምሳ አቀዝቅዛ ሰጠችኝ። የተነቀሰ ሰው ትኩስ አይቀምስም፣ ጭስ አይጠጋም አሉ። «የሲጋራውንም ጭስ» አለች ቀና ሳትል። «አታውቅም ብለህ ነው?» የቀዘቀዘውን እንጀራ ጨርሼ በላሁ።

ሐሙስ
አንድም አላጨስኩም። ያለ ምክንያት ጡሩምባ ነፋሁ። ከአንዲት ተሳፋሪ ጋር በሳንቲም መልስ ተጣላሁ። ማስቲካ እንዳላኝክ ጥርሴ አለ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ዓርብ
ሁለተኛ ቀን። ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ
ደም። ጥርሴን ስቦርሽ ውኃው ቀላ። ሳጨስ እንዲህ ደምቶ አያውቅም! መብራቱ ነው ያበላሸኝ ብዬ ተናድጄ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። ከንፈሬ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ሳልለኩሰው ጣልኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ
ዛሬም ደማ። ፈራሁ።

ሰኞ
ወልድያ። ሐኪሟ ድዴን ነካክታ ደሙን በጥጥ ጠረገች። አለቀልኝ አልኩ።

«ሲጋራ የተውከው መቼ ነው?»

ነግሬሽ የለ ልል ነበር። «ሐሙስ» አልኩ።

ሳቀች። ሲጋራ የድዱን ደም ሥር አጥብቦ ሕመሙን ይደብቃል አለችኝ፤ ሲተውት ደሙ ይመለሳል። «መጀመሪያ ቀን ትቻለሁ ስትለኝ አላመንኩህም። አሁን አመንኩህ። አብሽር፣ ከሦስት ወር በኋላ ድዱን ለክተን ይነቀሉ አይነቀሉ እንወስናለን።»

ሦስት ወር! የአራት ቀኑን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። መንገድ ላይ ጥርሶቼን በምላሴ ገፋ አደረግኋቸው። ይነቃነቃሉ። ግን አሉ።