በአሸዋው ሥር ማንም አልተቀበረም

ለሠፈራችን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር ለተከበሩ አቶ ደሳለኝ
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ የአለምወርቅም፣ ይህን ሲሰሙ ቅር እንደሚልዎ ባውቅም፣ ደህና ናት።

በደብዳቤዎ፣ ባለቤቴ በወረርሽኙ ሞታ እኔም ሞቷን ደብቄ በኋላው ክፍል በሠራሁት ባለ አሸዋ መድረክ ሥር ሳልቀብራት እንዳልቀረሁ ገልጸው፣ መድረኩ እስከ እሑድ ፈርሶ ካልታየ ከእድሩ እንደምሰረዝ አስታውቀውኛል። በሰው አገር ከእድር መሰረዝ ሬሳን የሚያነሳ ማጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ነኝና። ስለዚህ ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሲዘጋ፣ ቅዳሴ የምንከታተልበት ትልቅ ስክሪንና ሁለት ድምፅ ማጉያ በኋላው ክፍል ተከልኩ። ድምፅ ማጉያ ባዶ ሣጥን ላይ ሲቀመጥ ሣጥኑ አብሮ እንደሚያጓራ አንብቤ ስለተረዳሁ፣ ግድግዳ የሚጋራን የአቶ አብዱልሀፊዝ ሕፃን በከበሮው እንዳይነቃ ብዬ ያቆምኩባቸውን የእንጨት መድረክ በደረቅ አሸዋ ሞላሁት። ሁለት ሜትር ርዝመቱ ለሰው ቁመት እንደሚበቃ ያስተዋለው ኮሚቴዎ ነው፤ እኔ የለካሁት ስክሪኑን ነበር።

፪. አሥራ ስምንት ከረጢት አሸዋ መግባቱን ጽፈዋል። ልክ ነው። ነገር ግን አሸዋው የገባው በጓሮ በር ሲሆን፣ ጓሮዬ የሚታየው ከእርስዎ መታጠቢያ ቤት መስኮት ብቻ ነው። ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት እዚያ ያቆየዎት የሆድ ሕመም ከሆነ ደግሞ አምላክ ምሕረቱን ይላክልዎ።

፫. ማክሰኞ ዕለት ከኮሚቴዎ የተላኩት ወይዘሮ በቀለችና ወይዘሮ ፀገነት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ደረሱ። ባለቤቴ አስም ስላለባት ሐኪሟ እንግዳ ከልክሏል፤ አልከፈትኩም። እሷ ግን ከውስጥ ሆና በየስማቸው ጠርታ የልጆቻቸውን ደህንነት ጠየቀቻቸው። በሪፖርታቸው «የሟች ድምፅ ከማጫወቻው ተሰምቷል» ተብሏል። ለድምፅ ማጉያዬ ጥራት የተሰጠ ምስክርነት ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ።

፬. ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የእድሩን ለቅሶ ንፍሮ እየቀቀለች ስታስተናግድ ኖራለች። ከደጅ መውጣት ካቆመች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት፣ ደውሎ እንዴት ነሽ ያላት አንድም አባል የለም። ሞተች በተባለ በሦስተኛው ቀን ግን ድንኳን ተመድቦ፣ የሕይወት ታሪኳ ተጽፎ፣ ስሟም ከሟቾች ዝርዝር ገብቶ አገኘነው። በሕይወት ለመታሰብ ስንት ከረጢት አሸዋ እንደሚያስፈልግ ቢነግሩኝ ኖሮ ቀደም ብዬ ባስገባሁ ነበር።

መድረኩን አላፈርስም፤ አንዲት ሚስማርም አልነቅልም። ተሰርዤ ቀባሪ ያጣሁ እንደሆነ ቦታው ተዘጋጅቷል፤ እንደሚበቃም ኮሚቴዎ አረጋግጧል።

ከመስኮትዎ ሳያርቅ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ አምላክን እየለመንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሟች ተብዬዋ ባል
ብርሃኔ ሽመልስ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ፣ እኔ ሳልፈቅድ፣ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማስኳን አድርጋ በረንዳ ላይ ልትቀመጥ ወስናለች። ለቀብሯ ያዘጋጃችሁትን የሕይወት ታሪክ ይዘው ይምጡና ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያንብቡላት። ስህተት ከሰማች ታርማለች፤ መልካም ነገር ከሰማች ግን፣ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገራችኋት ትጠይቅዎታለች።