ባዶዋን እንድትታይ የተወሰደች በርጩማ

ለተከበሩ አቶ ወንዳፍራሽ፣ የከተማችን የኪነ ጥበብ አስተባባሪ፤

ጤናዎ እንደ ክረምት ባሮ ወንዝ ሙሉ ይሁን፤ ወንበርዎም ይመችዎት። እኔ ጋትኬክ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዛሬም ታንኳዬን ራሴ እቀዝፋለሁ፣ ዓሣዬን ራሴ እበልታለሁ፣ ፊደልም ቸርች ውስጥ የቆጠርኳትን ያህል እጽፋለሁ፤ ከጎደለ ይሙሉበት፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ሳልሞት ልጨርሳቸው የዘረዘርኳቸው ነገሮችም አሉ፦ ከጎረቤቴ ከጃል የተዋስኩትን መረብ ራሴ እመልሳለሁ፤ ለእህቴ ቃል የገባሁላትን የጣሪያ ሣር ራሴ አጭዳለሁ፤ ከፓስተሩም ጋር ራሴ እታረቃለሁ። የሟች ባለቤቴን የኛዱዎፕን በርጩማ መመለስ ግን የእርስዎ ዕዳ ስለሆነ ዝርዝሬን እዚህ ላይ አቁሜያለሁ።

ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ይኸው፦

1ኛ. የሙከራ ፊልም የሚሠራውን ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ እስከ ቤቴ ድረስ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። ኛዱዎፕ ካረፈች ወዲህ እኔ እንኳ ያልተቀመጥኩባት በርጩማ ወንዝ ዳር ባዶዋን ትቀረጻለች፣ ያያት ሁሉ የጎደለውን ሰው ያስባል ስትሉኝ፣ ለካ እነዚህም ሐዘን ያውቃሉ ብዬ በእጄ አስረከብኳችሁ።

2ኛ. ፊልሙ ሲመረቅ ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ተዘቅዝቆ ሲፈስ አየሁ። በርጩማዋ የለችም። ሙከራው እሱ ከሆነ ተሳክቷል። ባሮን ግን እኔ በየቀኑ፣ ያውም ሳይዘቀዘቅ፣ በነፃ አየዋለሁ።

3ኛ. በርጩማዬን ብጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በዓይናችን አላየንም ብለው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ያምራል። ምን ያደርጋል፣ ጣቢታ የምትባለው ካሜራ ያዥ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ከመጋረጃ ጀርባ የቀረጸችውን ዘጋቢ ፊልም ምርቃቱ በተደረገበት አዳራሽ አሳየችን። ዳይሬክተሩ ስለ ባዶነት ጥልቅ ትርጉም ሲያስረዳ፣ ባዶ መሆን የነበረባት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እርስዎም አጠገቡ ቆመው፣ አንድ እግርዎን ጠርዟ ላይ አሳርፈው፣ ራስዎን ይነቀንቃሉ። ጫማዎ አዲስ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በመጨረሻ ከካሜራው እግሮች ጋር ታስራ መኪና ላይ ወጣች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ቦታዋን ሳይ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዓይንዎን አምላክ ያብራልዎት እያልኩ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ በታላቅ አክብሮት የጻፍኩልዎ፣

ጋትኬክ፣ የኛዱዎፕ ባል

ማሳሰቢያ፦ ከሰኞ ጀምሮ በርጩማዋ እስክትመጣ በየማለዳው ቢሮዎ መጥቼ በእርስዎ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጣቢታ ልትቀርጸን ተስማምታለች፤ እርስዎ ቆመው ስለሚታዩ ያንን ጫማ ያድርጉ። በርጩማዋን ካገኟት ደግሞ እባክዎ ራስዎ ያምጡልኝ፤ መንገድ ላይ ቢደክምዎ ግን አይቀመጡባት።