ምራቴ ብለው ይጻፉ

እኔ ወይዘሮ ኣስገደት ተስፋልደት፣ በሮም ከተማ የቶር ፒኛታራ ሰፈር ነዋሪ፣ ዛሬ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰውነቴ በሕመም ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ የነፍስ አባቴና ጎረቤቶቼ በተቀመጡበት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የጣሊያን ሕግ የሚፈልገው በውል አዋዋዩ በኖታዮው ዘንድ አልቋል፤ ይህን የምናገረው ልጆቼ ምክንያቱን እንዲያውቁ ነው።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ለልጆቼ ለኣስመሮምና ለሄርሞን እኩል ይሁን። ኣስመሮም «የጦርኩሽ እኔ ነኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ሄርሞን ያልጦረችኝ ግን በሩን ስለ ዘጋሁባት ነው።

ሁለተኛ። የወርቅ ሐብሌና ጉትቻዎቼ ለኣስመሮም ሚስት ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ይህን በቅጡ ላስረዳ።

ሄርሞን ሶሊን ወደ ቤቴ ያመጣቻት፣ በፖንቴ ማሞሎ የተጠለለችበት የስደተኞች ሰፈር በፈረሰ ጊዜ ነው። «እማ፣ ጓደኛዬ ናት፤ ማደሪያ የላትም» አለችኝ። ሶሊ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ወገቤን ሲያመኝ ታሸኝ ነበር። ወደድኳትና በልቤ ለኣስመሮም አጨኋት፤ ሲመጣ አጠገቡ አስቀምጣት ነበር። እርሷ ዝም ስትል ጨዋነቷ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በኋላ ኣስመሮም ከአንዲት ጣሊያናዊት ያለ ጋብቻ ወለደ። ተቆጣሁ፤ ቁጣዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሕፃኗን ክርስትና አስነሣሁ፤ ሰው ጠርቼ ደገስኩ። በድግሱ ማግሥት ሄርሞን መጥታ «እማ፣ እኔና ሶሊ እንዋደዳለን። አብረን ልንኖር ነው» አለችኝ።

«ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ!» አልኩ።

«ለኣስመሮም ደገስሽለት። ሕጉ የመጣው ለእኔ ሲሆን ነው?»

«እርሱ ወንድ ነው» አልኳት። እያለቀሰች ከሶሊ ጋር ስትወጣ በሩን ዘጋሁባት።

ፒኜቶ ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ። ባለፈው ዓመት ሄርሞን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት መዳኗን ከሰው ሰማሁ። ኣስመሮም ያውቅ ኖሯል። ለምን እንደ ደበቀኝ ብጠይቀው «ስሟን አታንሣብኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አለኝ። ያን ዕለት በትራም ሄጄ ከደጃቸው ደረስኩ። በደጁ መጥሪያ፣ በቺቶፎኖው ላይ የሁለቱ ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። ልደውል ጣቴን አነሣሁና መለስኩት። ምን ብዬ ልግባ? ሳልደውል ተመለስኩ። ዛሬ ደረጃ መውረድ እንኳ አልችልም።

ስለዚህ ሐብሉና ጉትቻዎቹ ለምራቴ ለሶሊ ይሁኑ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አቶ ገብረወልድ ብዕራቸውን አንሥተው «እትዬ ኣስገደት፣ ሰው ያየዋል። ለልጄ ጓደኛ ብንልስ?» አሉኝ። «ምራቴ ብለው ይጻፉ» አልኳቸው፤ ጽፈዋል።

ኣስመሮም፣ አይክፋህ። አንተን ሳትለምነኝ ማርኩህ፤ እኅትህን ግን እያለቀሰች አልሰማኋትም።

ሦስተኛ። የሁለቱ ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ሄርሞንን ለመዳር የነበረኝ ምኞት እስከ አሁን ያሳዝነኛል። የነፍስ አባቴ መክረውኛል፤ ሰምቻቸዋለሁ። ነገር ግን እኔ እስኪገባኝ ድረስ ልጄን በውጭ ላቆማት አይገባም ነበር።

አራተኛ። ኑዛዜ የሚነበበው ሰው ሲሞት ነው አሉኝ። ሞቼ ይቅርታ ብጠይቅ መልሱን ማን ይነግረኛል? ይህ ወረቀት ዛሬውኑ ለሄርሞን ይድረስ። ብትመጣ ሶሊን ይዛ ትምጣ። ባትመጣም ድርሻዋ አይነካ፤ ማንም አይውቀሳት።

ተናዛዥ፦ ኣስገደት ተስፋልደት (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ገብረወልድ ይርጋ፤ እንደ ተነገረኝ ጽፌያለሁ። (ፊርማ)

ምስክር፦ ቀሲስ ዑቕባሚካኤል ተኽለሃይማኖት፣ የነፍስ አባት፤ በአሳቡ አልተስማማሁም፣ ቃሉ የእርሳቸው መሆኑን ግን እመሰክራለሁ። (ፊርማ)

ምስክር፦ ጌጤ እንዳሻው፣ ጎረቤት፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ ፒኜቶ ተነሥቻለሁ። (ፊርማ)